የወይራምባ የእሑድ መንገድ

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ትንሽ ግብዣ አዘጋጀልኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ አንዲት አዲስ የተቀጠረች የደን ባለሙያ ተነሥታ፣ "እትዬ ጥሩነሽ፣ በሥራ ዘመንዎ ከሠሩት ሁሉ በጣም የሚኮሩበት የትኛው ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉም የችግኝ ነገር እንደማወራ ጠብቀዋል። እውነትም ዕድሜዬን ችግኝ ሳፈላ፣ ሳጠጣና ስተክል ነው የኖርሁት። እኔ ግን ሳላስበው፣ "የሰቆጣን ሰው ከነልጆቹ ጫካ ማንሸራሸሬ" አልኋት። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ቤት ከገባን በኋላም ልጄ፣ "እማዬ፣ እዚህ አገር ሰው በእግሩ ካልሄደ በምን ይሄዳል?" እያለ ሳቀብኝ።

አልተሳሳተም። በእኛ አገር እግር የሥራ ዕቃ ነው። ከደሃና ወደ ሰቆጣ ገበያ የሚመጣ ሰው አህያውን እየነዳ ዳገት ቁልቁለቱን ሲያቋርጥ ይውላል። ሰው ለውኃ ይሄዳል፣ ለእንጨት ይሄዳል፣ ለወፍጮ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ ይሄዳል። ደስ እንዲለው ብሎ ዳገት የሚወጣ ሰው ግን በዚያ በደርግ ጊዜ አእምሮው የተነካ ነበር የሚመስል። እኔም እንዲያው ነበር የማስብ። የቀየሩኝ አያ ወልዴ ናቸው፤ ስለዚህ ከእሳቸው በፊት የነበረውን ባጭሩ ልንገራችሁና ወደ እሳቸው ልሂድ።

የተወለድሁት እዚያው ሰቆጣ ነው። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስሁ ከተማው ዳር ባለው ችግኝ ጣቢያ በቀን ሠራተኛነት ገባሁ። ደመወዙ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ሲያልቅ ግን መምጣቱም አይታወስም። የመጀመሪያው አለቃዬ ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ሆኖም የመሬት ልክ ማውጣትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሁለት እኩል እንጨት ታቆማለህ፣ በመካከላቸው ሲባጎ ትወጥራለህ፣ ሲባጎው ላይ ውኃ ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ታንጠለጥላለህ። የውኃው አረፋ መሐል ላይ ሲቆም ሁለቱ እንጨቶች የቆሙበት መሬት እኩል ነው። በዚህ ዘዴ አምደወርቅ ተልኬ እርከን ሠርቻለሁ። ከአምደወርቅ ስመለስ ወይራምባ መደቡኝ።

ወይራምባ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ያለ ተራራ ነው። ግርጌው ክትክታና አጋም፣ ወገቡ ወይራ፣ አናቱ ጥድ ነው። ድሮ የባላባት ነበር። መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላ የሕዝብ ሆነ ተባለ። የሕዝብ ነው እየተባለ ሕዝብ እንዳይገባበት የምንጠብቅ ደግሞ እኛ ነበርን። በሩ ላይ ጎጆ አለች፤ እዚያች ጎጆ ውስጥ እኔና አያ ወልዴ እንውላለን።

አያ ወልዴ የደሃና ሰው ናቸው። አፍ የፈቱት በኽምጥኛ ነው፤ አማርኛቸው ዝግ ያለ፣ እያንዳንዱ ቃል በእጅ ተመርጦ የወጣ ይመስላል። ጠባቂ ይባሉ እንጂ ሰው ሲያሯሯጡ አይቼ አላውቅም። አንዳንድ ልማድ ነበራቸው። ከሰው ጋር ሲሄዱ ሁልጊዜ ከኋላ ናቸው፤ "ከፊት ያለ ሰው ራሱን ነው የሚያይ" ይላሉ። መንገድ ላይ የተንከባለለ ድንጋይ ካዩ በእግራቸው ገፋ አድርገው ሳያስወግዱ አያልፉም። ሰው ደከመኝ ከማለቱ በፊት ደግሞ እሳቸው ቀድመው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሽማግሌ ስለሆኑ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ የሚቀመጡት ለራሳቸው ሳይሆን አብሯቸው ላለው ሰው ነበር።

የጫካው ትልቁ ችግር እንጨት ነበር። ከተማው እንጨት ይፈልጋል፤ ጠላ ቤቱም ዳቦ ቤቱም የሚነደው በወይራምባ ነው። እንጨቱን የሚያመጡት ድኻ ሴቶች ናቸው። ጎህ ሲቀድ ገብተው ሸክማቸውን አዝለው በጓሮ በኩል ይወርዳሉ። እኔ አያቸውና እጮኻለሁ፣ እነሱም ይሮጣሉ። አንዷን ስይዝ አምስቱ ያመልጡኛል። አለቃቸው ብርቄ የምትባል ቀጭን ረዥም ሴት ነበረች፤ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች በጀርባዋ ሸክም የምታሳድግ። አንድ ቀን ሳባርራት ወድቄ ጉልበቴ ቆሰለ። ዘወር ብላ አየችኝ፣ ልትመለስ አሰበችና ተወችው።

ያን ዕለት አያ ወልዴ ጉልበቴን በጨርቅ እያሰሩልኝ እንዲህ አሉ፤

"ጥሩነሽ፣ ዛፍ በዘበኛ አይድንም። ዘበኛ ይታመማል፣ ዘበኛ ይዛወራል። ከተማው ራሱ ካልሳሳለት ይኼ ጫካ አያልፍለትም።"

"ከተማው እንዴት አድርጎ ነው የሚሳሳለት?" አልኋቸው።

"ልጆቹ ከተጫወቱበት ይሳሳለታል።"

ይኼ ነገር አላስተኛኝም። ሳምንት ሳይሞላ ወደ ኃላፊያችን ቢሮ ሄድሁ። ወጣት ሰው ነው፤ ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን የበላዮቹን በጣም ይፈራ ነበር። "ጓድ ኃላፊ፣ እሑድ እሑድ ቤተሰብ ከነልጆቹ ጫካውን በእግሩ ቢያይስ?" አልሁት። ፊቱ በራ። በጣም ወደደው፤ ችግሩ ከመጠን በላይ መውደዱ ነበር። ሐሳቤ ቢሮው ውስጥ አንድ ሳምንት አድሮ ሲወጣ ዘመቻ ሆኖ ወጣ። ቀበሌዎች ሁሉ ታዘዙ። ከየቤቱ አባት፣ እናትና ልጆች እንዲወጡ፣ የቀረ እንዲጠየቅ ተባለ። ቀጠሮው እሑድ ጧት፣ ያውም በቅዳሴ ሰዓት! መፈክርም ተጻፈ፤ "በእግር ጉዞ ጤናማ ኅብረተሰብ እንገነባለን" የሚል።

አያ ወልዴ መፈክሩን አዩና፣ "ይኼን ጨርቅ ማን ነው ዳገቱን የሚሸከመው?" ብቻ አሉ።

ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ሕዝቡ ፊቱን አጨፍግጎ በየቀበሌው ተሰልፎ መጣ። ቅዳሴ ያመለጣቸው እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ያጉረመርማሉ። ከገበያው በኩል የነጋዴ ቤተሰቦችም መጥተዋል። ከእነሱ መካከል ዘይነባ ነበረች፤ ከባሏ ጋር ጨርቅና ጨው የሚሸጡበት ሱቅ ያላት፣ ሳቂታ ሴት። አምስት ዓመት የሆናትን ልጇን ሐያትን በእጇ ይዛለች።

ኃላፊው ከፊት ሆኖ መራ። የያዘው መንገድ አሮጌው የእንጨት ቆራጮች ጉተታ ነበር፤ ግንድ ወደ ታች የሚለቀቅበት፣ ከግርጌ እስከ አናት ቀጥ ያለ። ሌላ መንገድ አልነበረም። ጎረምሶቹ እየዘፈኑ ወጡት። ሌላው ሰው ግን ተበታተነ። እርጉዝ ሴት መሐል ዳገት ላይ ተቀመጠች። አንድ ሽማግሌ፣ "በጣሊያን ጊዜ እንኳ እንዲህ አልተነዳንም" እያሉ ተራገሙ። የልጆቹን ፊት እሾህ ቧጠጠው፤ ለትልቅ ሰው ደረቱ ጋ የሚደርሰው ቅርንጫፍ ለልጅ ዓይኑ ጋ ነውና። ውኃ ይዞ የመጣው ጥቂት ሰው ነበር፤ እሱም ገና ወገቡ ላይ ሳይደረስ አለቀ። መፈክር ተሸካሚዎቹ ጨርቁን ጠቅልለው ክትክታ ሥር ጣሉት።

ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ ሰው ሁሉ ያገኘው ዛፍ ሥር ገባ፤ ትንሽ ጋብ ሲል ደግሞ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ወደ ታች ሮጠ። በሩ ጋ ደርሰን ሰው ሲሰባሰብ የዘይነባ ድምፅ ተሰማ፤

"ሐያት! ሐያትስ?"

እናት ከአባቷ ጋር ናት ብላለች። አባት ከአክስቷ ጋር ናት ብሏል። አክስት ከእናቷ ጋር ናት ብላለች። ልጅቱ ከማንም ጋር አልነበረችም።

ብዙ ነገር ሆኖብኛል በሕይወቴ፤ እንደዚያ ከሰዓት ያለ ግን አላውቅም። ተመልሰን ዳገቱን ወጣን። እየተጣራን ጉሮሯችን ተዘጋ። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ጉተታውን ወንዝ አድርጎታል፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ስንመለከት ልባችን ይቆማል። ዘይነባ ሁለት ጊዜ ወድቃ ተነሣች፤ ላነሣት ብዬ እጄን ስዘረጋ ገፈተረችኝ። አልተቀየምኋትም። ኃላፊው ፊቱ አመድ መስሎ፣ "ምን ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ? ምን ብዬ?" ይል ነበር። አያ ወልዴ ብቻ አልጮኹም። በየዛፉ ሥር ጎንበስ እያሉ፣ በልጅ ቁመት እያዩ ይሄዱ ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከላይ በኩል ክትክታው ተከፈለና ሴቶች ብቅ አሉ። እንጨት ለቃሚዎቹ ናቸው። ከፊት ብርቄ ነበረች። ጀርባዋ ላይ ሸክም የለም፤ በኩታ የታዘለች ልጅ ናት ያለች። ሐያት እንቅልፍ ወስዷት፣ ጉንጯ በብርቄ ትከሻ ላይ ተለጥፏል።

"የማን ናት?" አለች ብርቄ። "ትልቁ ወይራ ሥር ተኝታ አገኘናት። እርጥብ ልብሷን አውልቀን በእኛ ጠቀለልናት። አልተጎዳችም።"

ዘይነባ ልጇን ተቀብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ማልቀስም መሳቅም አቃታት። ሁላችንም እፎይ ስንል፣ ከቀበሌ ጥበቃዎቹ አንዱ የብርቄን መቀነት አየ። ምሳር ተሰክቶበታል።

"ይኼስ ምንድን ነው?" አላት። "ጫካ ስትጨፈጭፉ ነበር ማለት ነው! ነይ፣ ወደ ቀበሌ!"

ብርቄ ይኼ እንደሚመጣ እያወቀች ነው ከጫካው የወጣችው። ከኋላዋ ያሉት ሴቶችም አልሮጡም። ዘይነባ ግን ልጇን እንዳቀፈች ተነሥታ የብርቄን ክንድ ያዘች።

"የት ልትወስዷት ነው?"

"እንጨት ሌባ ናት፣ እመቤቴ።"

"እኔ የማውቀው ልጄን መመለሷን ነው። እሷን ካሰራችሁ እኔም ልጄም አብረን እንታሰራለን። በሉ ንዱን!"

እንደዚያው ሆነ። ከጫካው ወደ ቀበሌ ስንወርድ፣ እንጨት ለቃሚዎቹና የነጋዴ ሚስቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ባሎችም ከኋላ ተከትለው፣ ያ ሁሉ ሰው አብሮ ገባ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰውን አይቶ ደነገጠ። የጫካው ጠባቂ እኔ ስለሆንሁ ወደ እኔ ዞረ።

"ጓድ ጥሩነሽ፣ እነዚህ ሴቶች ዛፍ ሲቆርጡ አይተሻል?"

አያ ወልዴን አየኋቸው። እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ፤ ለራስሽ መልስ ስጪ ማለታቸው ነው።

"እኔ ያየሁት ልጅ አዝለው ሲመጡ ነው" አልሁ።

አያ ወልዴ ዋስ ሆኑላቸውና ሊቀ መንበሩ ለቀቃቸው። ብርቄ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም ብላ፣ "ጉልበትሽ ዳነ?" አለችኝ። ከዚያ በፊት ከእሷ ጋር የተነጋገርነው በጩኸት ብቻ ነበር።

በማግስቱ ኃላፊው አስጠራኝ። ጉዞ የሚባል ነገር ከእንግዲህ በወይራምባ የለም አለ። እኔም ክረምቱ ሲያልፍ ወደ ጽጽቃ እንደምዛወር ነገረኝ። ጽጽቃ መሄዱ ሞት አይደለም፤ በኋላ ሠርቼበታለሁ፣ ሰዉም ደግ ነው። ተሸንፌ መሄዴ ነው ያንገበገበኝ። ጎጆዋ ገብቼ አለቀስሁ። አያ ወልዴ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝና፣

"መሄድ ነው የተከለከለ?" አሉኝ።

"አዎ።"

"መንገድ መሥራትስ?"

"መንገድ ስለ መሥራት ያለው ነገር የለም።"

"እንግዲያስ ክረምቱን ሥራ አለን።"

ብርቄንና ጓደኞቿን ያስጠሩት እሳቸው ናቸው። ስምምነታችን ቀላል ነበር። እነሱ መንገድ ይሠራሉ፤ እኛ ደግሞ የወደቀውንና የደረቀውን እንጨት በግልጽ በበሩ እንዲያወጡ እንፈቅዳለን፤ እርጥብ ግን አይነካም። ኃላፊው ይህን ሲሰማ አንገራገረ። "ለእሳት መከላከያም ይሆናል፤ ቃጠሎ ቢነሣ ሰው የሚሮጥበት መንገድ የለንም" ስለው ፈረመ። ውሸት አልነበረም።

ክረምት ለመንገድ ሠሪ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ውኃው በየት መሄድ እንደሚፈልግ በዓይን ያሳያል። እኔ ሲባጎዬንና ጠርሙሴን ይዤ ተራራውን በጎኑ እየዞርሁ ልክ አወጣለሁ፤ ብርቄ ደግሞ የራሷ ልክ ነበራት። ሁለት ሴቶች ሸክም አዝለው እያወሩ እንዲወጡ ታደርጋለች። "ወሬያቸው የተቋረጠበት ቦታ ዳገቱ በዝቷል" ትላለች። "ትንፋሽ አጥሮት ዝም ያለ ሰው ደስ አይለውም።" እዚያ ቦታ ላይ መንገዱን እናጥፈዋለን። መጀመሪያ በእኔ ሲባጎ እናወጣለን፣ ቀጥሎ በእሷ ወሬ እንፈትናለን። አንዳንዴ የእኔ ልክ ያሸንፋል፤ ምክንያቱም ወሬው ጥሩ ከሆነ ሴቶቹ ገደልም ቢሆን እያወሩ ይወጡታል። ያን ጊዜ እንደሳቅነው ሥራ ላይ ስቄ አላውቅም።

ጎርፍ መንገዱን እንዳይበላው በየመታጠፊያው ድንጋይ በአግድም ሰያፍ አድርገን ቀበርን፤ ውኃው እሱን ሲመታ ወደ ጎን ይወጣል። ጅረቷ ላይ መረማመጃ ድንጋይ ስናስቀምጥ ርቀቱን በብርቄ ትንሽ ልጅ እርምጃ ነው የለካነው። በየጥላው ደግሞ ሁለት ዓይነት ድንጋይ ተከልን፤ አንዱ ዝቅ ያለ፣ ልጅና አሮጊት የሚቀመጡበት፤ ሌላው ከፍ ያለ፣ እንጨት ያዘለች ሴት ሳትቀመጥ ሸክሟን ደገፍ የምታደርግበት።

ከሁሉ የማልረሳው አያ ወልዴን ነው። መንገዱ አለቀ ባልን ቁጥር ኩታቸውን ጉልበታቸው ላይ ጠቅልለው ያስሩና ተንበርክከው በጉልበታቸው ይሄዱበታል። በዚያ ዕድሜያቸው! በልጅ ቁመት እያዩ የአጋሙን እሾህ፣ የቀጋውን ዘንግ በማጭድ ይከረክማሉ። "አያ ወልዴ፣ ይነሡ እንጂ፣ እኛ እናደርገዋለን" ስላቸው፣ "አንቺ ረዥም ነሽ፤ አይታይሽም" ይሉኛል። ያቺን የጠፋችውን ልጅ የፈለጓት እንዲያ ነበር፤ መንገዱንም የሠሩላት እንዲያው ነው።

ዘይነባን በዚህ ሁሉ ጊዜ አላገኘኋትም። በሱቋ በኩል ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ፤ እሷም ጨርቅ የምታጣጥፍ ትመስላለች። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን ቴምር በፌስታል ይዛ በሩ ጋ መጣች። ለብርቄ ያመጣችው ነው። ብርቄ ላይ ናት ስንላት ለመጠበቅ አልፈለገችም፤ መንገዱን ይዛ ወጣች። እኔም ከኋላ ተከተልኋት። ብርቄ አገኘችንና ወዲያው ለሥራ ፈለገቻት።

"ዘይነባ፣ እስኪ ስለ ሠርግሽ እያወራሽልኝ ውጪ።"

"ስለ ሠርጌ? ምን አስበሽ ነው?"

"ዝም ብለሽ አውሪ፤ ለመንግሥት ሥራ ነው።"

ዘይነባ ስለ ሠርጓ ጀመረች። ስለ አማቷ ሐሜት ቀጠለች። አንደኛውን መታጠፊያ አለፈች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፤ ወሬዋ አልቆመም። ድንገት ዛፉ ተገለጠና ሰቆጣ ከታች ታየቻት፤ ቆርቆሮው ከዝናቡ በኋላ ያብረቀርቃል። አናቱ ላይ ደርሳለች። አፏን ይዛ ቆመች።

"መቼ ወጣሁ?" አለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ነበር። "ሐያት ጫካ በተባለ ቁጥር ታለቅሳለች" አለችኝ። "እሷን ይዤ መምጣት አለብኝ።"

"ተከልክሏል፣ ዘይነባ።"

"ማን ነው የከለከለ?"

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ አብረን ገባን። እሱ ከእኔ ይልቅ እሷን ሲያይ ደነገጠ፤ ልትከሰው የመጣች መስሎታል።

"ጓድ ኃላፊ፣ ጫካው ይከፈትልን" አለችው።

"አንቺ ነሽ ይህን የምትጠይቂ? ልጅሽ እኮ ነበረች የጠፋችው!"

"ለዚያ ነው የምጠይቅ። ሰው የፈራበት ቦታ ተመልሶ ካልሄደ ፍርሃቱ አብሮት ያድጋል። የእርስዎም ጭምር።"

ኃላፊው ለረዥም ጊዜ እስክሪብቶውን አገላበጠ። ከበላዮቹ ምን እንደደረሰበት አላውቅም፤ የደረሰበት ነገር እንዳለ ግን ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። በመጨረሻ፣ "ጥቂት ቤተሰብ ብቻ። መፈክር የለም። ሰልፍ የለም" አለ። "ለመሆኑ ማን ነው የሚመራው?"

"በእግሩ ከሚሄደው የሁሉ ታናሽ" አልሁት። የአያ ወልዴ ሐሳብ ነበር። የዝውውሬን ነገር ያን ቀን አላነሣውም፤ ጽጽቃ የሄድሁት ቆይቶ ነው።

ከመስቀል በኋላ በመጣው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ወጣን። የዘይነባ ቤተሰብ፣ ሁለት ጎረቤቶቿ ከነልጆቻቸው፣ እንጨት ለቃሚዎቹ ከነልጆቻቸው፣ የእኔ እናት፣ ሌላም ጥቂት ሰው። አንዲት ቀይ ሴት ሕፃን ታቅፋ መጥታ ጥግ ላይ ቆመች፤ የኃላፊው ሚስት እንደሆነች ያወቅነው በኋላ ነው። ስንቃችን ሥጋ የሌለበት ነበር፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ መሶብ እንዲበላ ቆሎ፣ ዳቦና ማር ብቻ አደረግነው።

ሐያት በሩ ጋ ስትደርስ የእናቷን ቀሚስ ይዛ አለቀቀችም። አያ ወልዴ ፊት ለፊቷ ተንበረከኩ፤ ቁመታቸው ከእሷ እኩል ሆነ።

"እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ መንገዱ ይጠፋኛል" አሏት። "አንቺ ከፊት ሁኚልኝ። ሲደክምሽ ቁጭ በይ፤ አንቺ ስትቀመጪ ሁላችንም እንቀመጣለን።"

ልጅቱ እናቷን አየች፣ መንገዱን አየች። ከዚያ ቀሚሱን ለቀቀችና ሄደች። እኛም ተከተልናት። ከኋላዋ ያለ ጎረምሳ ሁሉ፣ ከኋላዋ ያለ አባወራ ሁሉ በአምስት ዓመት ልጅ እርምጃ ተራመደ። ስትቀመጥ ተቀመጥን። አጋም አይታ ስትቆም ቆመን ለቀምን፤ የሁሉም ልጅ አፍ ጠቆረ። አንድ ቦታ ቆቅ ከእግራቸው ሥር ተነሥታ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ሴቶቹ ከግርጌ የጀመሩትን ወሬ አናቱ ድረስ አላቋረጡም። እናቴ፣ ያቺ ጉልበቷ የሚያማት እናቴ፣ "ዳገቱ የታለ?" ትለኝ ነበር።

ትልቁ ወይራ ጋ ስንደርስ ሐያት ቆመች። ዘይነባም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀረች። ልጅቱ ግን ወደ ሌሎቹ ልጆች ዞረችና ደረቷን ነፍታ፣ "እዚህ ነው የተኛሁት! ብቻዬን!" አለቻቸው። ልጆቹ በአድናቆት ከበቧት። እያንዳንዳቸው በየተራ ሥሩ ላይ ጋደም ብለው ካልሞከርን አሉ። የብርቄ ልጅ፣ "እኔም ልጥፋ" ብሎ አለቀሰ። ዘይነባ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች፤ ብርቄ ትከሻዋን አቅፋ ያዘቻት።

አናቱ ላይ ማሩን በዳቦ በላን። በምዕራብ በኩል የተከዜ ሸለቆ ጉሙን እንደለበሰ ተዘርግቷል። ማንም ንግግር አላደረገም። አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ "ያ የእኛ ቤት ነው፤ ያ ደግሞ ትምህርት ቤትህ" ይለው ነበር። አያ ወልዴ ትንሽ ራቅ ብለው ተቀምጠው በኽምጥኛ ያንጎራጉራሉ። አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥሁ። ማር የነካውን ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ፤ እንደዚያ ቁራሽ ዳቦ ያኮራኝ የለም።

ስንወርድ የጎደለ ሰው አልነበረም። ሐያት በሩ ጋ ቆማ ሁሉን በጣቷ እየነካች ቆጥራ አስወጣችን።

ከዚያ በኋላ ያለው እሑድ እረፍቴ ነበር። ልብስ አጥቤ እያሰጣሁ ሳለ ብርቄ አጥሩን እየነቀነቀች መጣች።

"ጥሩዬ! ኧረ ድረሽ፣ በሩ ላይ ሰው ሞልቷል!"

"ምን ሰው? ቀበሌ ስብሰባ ጠራ እንዴ?" አልሁ። በዚያ ዘመን ሰው የሚሰበሰበው ሲጠራ ብቻ ነበራ።

"ማንም አልጠራ! ኧረ ነይ!"

እርጥብ ልብሱን ቅርጫት ውስጥ ጥዬ ሮጥሁ። ከርቀት አየኋቸው። ጎጆዋ ዙሪያ፣ ክትክታው ጥላ ሥር፣ መንገዱ ዳር ተቀምጠዋል። ስንቃቸውን በመሶብና በፌስታል ይዘዋል። ባለ ሱቅ አለ፣ ገበሬ አለ፣ መምህር አለ። ልጅ ያዘለች አለች፣ በምርኩዝ የመጣ አለ። የዚያን ጊዜ ሲራገሙ የሰማኋቸው ሽማግሌም አሉ፤ የልጅ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ኃላፊያችን ራሱ፣ ካኪውን ጥሎ በሹራብ፣ ሕፃኑን ታቅፎ ከሚስቱ ጎን ቆሟል። ሲያየኝ ትንሽ አፈረና፣ "እኛም... እንግዲህ..." ብሎ ተወው።

ከመሐላቸው አንዲት እናት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "እትዬ፣ ከእኛ የሁሉ ታናሽ ይቺ ናት፤ ከፊት ትሁን አይደል?" አለችኝ፣ ገና መሄድ የጀመረች ልጇን እጅ ይዛ ወደ ፊት እያመጣች።

አያ ወልዴ ከጎጆዋ ወጡ። ሕዝቡን አዩ፣ ልጅቱን አዩ። ኩታቸውን አጣፉና እንደ ልማዳቸው ወደ ኋላ፣ ከሁሉም መጨረሻ ሄደው ቆሙ።

"አዎ፣ ከፊት ትሁን" አልሁና በሩን ከፈትሁ።